መጋቢት 31 የሚባል ቀን

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ የጋሽ ንዋይ ሪፖርት ሁለት ገጽ ነው፤ በእጅ የተጻፈ፣ አንድም ስርዝ ድልዝ የሌለበት። አስራ አራቱ ኮምፒውተሮች መወገድ ያለባቸው በሁለት ምክንያት መሆኑን ይገልጻል። አንደኛው «ሃርድ ዲስክ የላቸውም» ይላል። ሁለተኛው እንዲህ ይላል፦ «ቀን መያዝ አይችሉም። ሚያዝያ 1 ቀን ብከፍታቸው አስራ አራቱም መጋቢት 31 ይላሉ። እንዲህ የሚባል ቀን የለም።»

ሪፖርቱ የቀረበው ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አርብ ጠዋት፣ መቂ ባለው ትምህርት ቤታችን መጋዘን ውስጥ ነበር። የንብረት ማስወገድ ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ርዕሰ መምህሩ አቶ ባጫ፣ ጋሽ ንዋይ፣ የመምህራን ተወካይ ሆኜ ደግሞ እኔ። የማስተምረው ኬሚስትሪ ነው።

ጋሽ ንዋይ አንብበው ሲጨርሱ ከኮምፒውተሮቹ አንዱን አበሩ። ሃርድ ዲስክ የሌለው ኮምፒውተር ሲበራ ብዙ የሚያሳየው ነገር የለም። አንድ ቁልፍ ከተጫኑ ግን የማሽኑ ሴቲንግ ያለበት ሰማያዊ ገጽ ይመጣል፤ ከላይ ቀንና ሰዓት አለው። በዚያ ገጽ ላይ ለጋሽ ንዋይ ትርጉም ያለው፣ በእጃቸውም ሊያስተካክሉት የሚችሉት ያ ብቻ ነበር።

«ይኸው!» አሉ በጣታቸው እያሳዩ። ስክሪኑ ላይ 08/31/2017 ይላል። «ወር፣ ቀን፣ ዓመት። ስምንተኛው ወር ሚያዝያ ነው። ሚያዝያ 31! ዛሬ ስንት ነው?»

«ግንቦት አንድ» አሉ አቶ ባጫ።

«የካቲት ላይ ከመኪና ሲወርዱ በእጄ አስተካከልኳቸው፤ አስራ አራቱንም። ሚያዝያ መጀመሪያ እንደገና አስተካከልኳቸው። ተመልሰው ያው!»

አቶ ባጫ ሳቁ። «እነዚህ እንኳን ለተማሪ ለራሳቸውም የሚሆኑ አይደሉም። ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው፤ እንፈርምና እንገላገል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቆራሌው መኪና ይዞ ይመጣል።»

ሁለቱ እስክሪብቶ አወጡ። እኔ አላወጣሁም።

ምክንያቴ አያንቱ ነበረች። አያንቱ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዬ ናት፤ አባቷ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሽንኩርት በመኪና ይጭናል። በወረቀት ስትፈተን ከስልሳ ጥያቄ ሃምሳ ሰባቱን ትመልሳለች። ዘንድሮ የመልቀቂያ ፈተናው በኮምፒውተር እንደሚሆን ሲነገረን የራሴን ላፕቶፕ ሰጥቼ በዚያው ዓይነት ጥያቄ ሞከርኳት። ማውሱን ከጠረጴዛው አንስታ ስክሪኑ ላይ አስጠጋችው። ሰዓት ይዤ ነበር። የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመመለስ አስራ አንድ ደቂቃ ፈጀባት። በአንድ ሰዓት ውስጥ የደረሰችው ዘጠኝ ጥያቄ ነው፤ ዘጠኙንም አግኝታለች። ዕውቀት አልጎደላትም፤ እጇ ነው ያልለመደው። በክፍሏ እንደ እሷ ያሉ አርባ አንድ ተማሪዎች አሉ፤ ላፕቶፑ ግን አንድ ነው። ለፈተናው የቀረው ሁለት ወር አይሞላም።

«አንድ ሳምንት ስጡኝ» አልኩ።

«ለምን?»

«ያለ ሃርድ ዲስክም ይሠራሉ። ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ፍላሽ ላይ ጭኖ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ማስነሳት ይቻላል። እንዲህ የሚሠራ ሰው አዳማ አውቃለሁ።»

ጋሽ ንዋይ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር አሳዩኝ። «ፋዲላ ልጄ፣ ይቺን የምታክል ነገር ለዚህ ሁሉ ሣጥን አንጎል ልትሆነው?»

«የእርስዎም የመጋዘን ቁልፍ ከዚያ አይበልጥም» አልኳቸው።

አቶ ባጫ እስክሪብቷቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። «እሺ። በሚቀጥለው አርብ እዚችው ቆሜ፣ ተማሪዎቹ የሚለማመዱበት ገጽ በኢንተርኔት ሲከፈት በዓይኔ ካየሁ አልፈርምም። ካልተከፈተ ግን አንቺም ትፈርሚያለሽ፤ ሌላ ቀጠሮ የለም።»

ተስማማሁ።

*

ቅዳሜ ጠዋት አዳማ ነበርኩ። አውቃለሁ ያልኳቸው ሰው ሊዲ፣ ፍራንኮ በሚባለው ሰፈር፣ በጁስ ቤትና በባጃጅ መለዋወጫ መሸጫ መሀል፣ ኮምፒውተር የምትጠግንበት ጠባብ ክፍል አላት። ከስምንት ዓመት በፊት መቂ ተማሪዬ ነበረች። ገና በሩ ላይ ስታየኝ ጮኸች።

«ቲቸር ፋዲላ! ኬሚስትሪ አርባ አንድ የሰጡኝ!»

«አርባ ሦስት ነው የሰጠሁሽ። ሁለቱ ለንጹሕ ጽሑፍ።»

ያመጣኝን ጉዳይ ነገርኳት። መናኸሪያ በር ላይ የገዛኋቸውን ሦስት ፍላሾችም ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ሁሉም ላይ «64 ጊጋባይት» ተብሎ ተጽፏል። ሊዲ አላመነቻቸውም። አንድ በአንድ እየሰካች እስከ አፋቸው ሞላቻቸው፤ ከዚያ የጻፈችባቸውን መልሳ አነበበች። ሁለቱ እውነተኛ ናቸው። ሦስተኛው ከስምንት በላይ አልያዘም፤ ሌላውን ተቀብሎ ጥሎታል።

«ይህችኛዋ የቁልፍ መያዣ ትሁንልዎት» አለችኝ።

የላብራቶሪ ደብተሬን አውጥቼ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍኩ። ሊዲ ከኋላዬ ቆማ አየችኝና ሳቀች። «አሁንም በሰማያዊ እስክሪብቶ?»

«ቀጥይ። አንደኛ ምንድነው?»

አንደኛው ሊኑክስን ከኢንተርኔት ማውረድ ነው፤ እሷ ጋ ቀድሞ ወርዶ ተቀምጧል። ሁለተኛው የወረደውን በራሷ ፍላሽ ላይ መጻፍ። ይኼ ፍላሽ መጫኛ ነው። ሦስተኛው ከመጫኛው ተነስቶ በእኔ ፍላሽ ላይ እውነተኛውን ሲስተም መጫን።

«አንዱ ግንበኛ ነው፤ ሌላው ቤቱ ነው» አለች። «ግንበኛው ቤቱን ሠርቶ ይወጣል። ብዙ ሰው ግንበኛውን ብቻ ይዞ ይሄድና የሠራው ሁሉ ሲያጠፋ ይጠፋበታል። የእርስዎ ተማሪዎች የጻፉት ነገር እንዲቆይ ቤቱ ያስፈልጋቸዋል።»

ከመጀመሯ በፊት ኮምፒውተሯን አጠፋች፤ ጎኑን ከፈተችና የራሱን ሃርድ ዲስክ ገመድ ነቀለች። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት፤ ምክንያቱን ሳላውቅ እርምጃ አልጽፍም።

«አምና ለአንድ ሰው ፍላሽ ላይ ስጭን በስህተት የራሴን ዲስክ መረጥኩ። የሰርግ ቪዲዮ ነበረበት፤ ገና ያላስረከብኩት። ሙሽሮቹ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። አሁን ልሳሳት ብል እንኳ የምሳሳትበት ዲስክ የለም።»

ጻፍኩት። ከሁሉም እርምጃ የወደድኩት እሱን ነው።

መጫኑ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ወሰደ፤ ፍላሽ ከዲስክ ይልቅ ዘገምተኛ ነው። ካለቀ በኋላ ሊዲ ለደንበኛ የምታደርገውን ማስተካከያ አደረገች፤ የአማርኛና የኦሮምኛ ፊደል መጻፊያ ጨመረች፣ ጽሑፉን አጎላች፣ ሰዓቱ በኢንተርኔት በራሱ እንዳይስተካከል አጠፋች።

«ይኼስ ለምን?»

«ደንበኛ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር በእጁ ያስተካክላል። ኢንተርኔት ሲያገኝ ኮምፒውተሩ በስድስት ሰዓት ያዞርበታል። ከዚያ እኔ ላይ ይጮኻል። ስለዚህ ለሁሉም አጥፍቼ ነው የምሰጠው።»

እሱንም ጻፍኩ፤ ቁጥር አስራ ሰባት።

መጫኛውን ነቅለን ኮምፒውተሩን ከእኔ ፍላሽ አስነሳነው። ተነሳ። ኢንተርኔት አገናኘን፤ የመለማመጃው ገጽ ተከፈተ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ከነምርጫዎቹ ተዘረጋ። ክፍሉ ውስጥ ያለችው አንድ ማራገቢያ ሙቅ አየር ብቻ ትገፋለች፤ እኔ በደብተሬ «ተከፈተ» ብዬ ጻፍኩ። በሁለተኛው ፍላሽ ላይ የመጀመሪያውን እንዳለ ገለበጥነው። በአንድ ናሙና ብቻ ሙከራ አልጀምርም።

*

ሰኞ ግንቦት 4 ቀን ሦስት ቁጥር ኮምፒውተር ላይ ፍላሹን ሰካሁ። ተነሳ። አራት ቁጥር ላይ ሁለተኛውን ሰካሁ። እሱም ተነሳ። ስልኬን በቻርጀሩ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቼ ኢንተርኔት ሰጠሁት፤ የመለማመጃውን ገጽ አድራሻ ጻፍኩ።

አልተከፈተም። በፋንታው አንድ የማስጠንቀቂያ ገጽ መጣ፤ ፍሬ ነገሩ «የዚህ ገጽ ማረጋገጫ ገና ሥራ ላይ ስላልዋለ አላገናኝህም» የሚል ነው። ከታች በትንንሽ ፊደል የኮምፒውተሩን ቀን ጽፎ ትክክል መሆኑን አረጋግጥ ይላል፤ 09/03/2017። ቀና ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አየሁ። ዓመቱ 2017። ወሩ ግንቦት፣ ዘጠነኛው ወር። ቀኑ በአንድ ብቻ ነው የሚለየው። በደብተሬ ላይ «ቀን፦ ትክክል (አንድ ቀን ወደኋላ)» ብዬ ጽፌ ወደ ሌላው አለፍኩ።

ያን መስመር አሁንም አልፎ አልፎ ገልጬ አየዋለሁ።

ማክሰኞ ሙከራዬን በሠንጠረዥ አደረግኩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጥኩ። ስልኩን ቀየርኩ፤ ያው። ገመዱን ቀየርኩ፤ ያው። ሁለቱን ፍላሾች አቀያየርኩ፤ ያው። አምስት ቁጥር፣ ዘጠኝ ቁጥር፣ አስራ አራት ቁጥር ላይ ሞከርኩ፤ ያው። ሌላ ነገር ሁሉ ይሠራል። ይጻፋል፣ ይሰላል፣ የተጻፈው ይቀመጣል። ኢንተርኔት ላይ ያሉ ገጾች ብቻ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ገና» ይሉኛል። በዚሁ ፍላሽ፣ በዚሁ ሲስተም አዳማ ላይ የተከፈተ ገጽ መቂ ላይ አይከፈትም።

አቶ ባጫ በመስኮት ብቅ አሉ። «አሁንስ?»

«ገና።»

«ሦስት ቀን አለሽ።»

ጋሽ ንዋይ ደግሞ ገብተው ከኋላዬ ቆሙ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ቀን ለማየት መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። «ዛሬ ግንቦት 5 ነው። ይኼ 4 ይላል። ብዬ ነበር! ቢነሱም ቀን አይዙም።» እንደማዘን ብለው ትከሻዬን ነካ አድርገውኝ ወጡ።

ረቡዕ ሁለት ክፍለ ጊዜ ባዶ ነበርኩ። ላብራቶሪ ተቀምጬ ደብተሬን ከመጀመሪያው ገጽ አነበብኩት፤ ምንም አላገኘሁም። የቀረኝ ሌላ ጽሑፍ የጋሽ ንዋይ ሪፖርት ነበር። እሱን ለማሸነፍ እንጂ ለማመን አንብቤው አላውቅም። አሁን ግን እንደ ሙከራ ውጤት አነበብኩት።

«መጋቢት 1፦ አስራ አራቱም ትክክል። ሚያዝያ 1፦ አስራ አራቱም መጋቢት 31። ተስተካክለዋል። ግንቦት 1፦ አስራ አራቱም ሚያዝያ 31።»

እዚህ ላይ ቆምኩ። አስራ አራት ሰው በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ እኩል ቢያስነጥስ ጉንፋን አይባልም። አስራ አራት የተበላሸ ማሽን በየራሱ መንገድ ነው የሚበላሸው። እነዚህ ግን አልተበላሹም፤ አንድ ሕግ እያከበሩ ነው። ስድስተኛው ወር ሠላሳ ቀን፣ ሰባተኛው ሠላሳ አንድ፣ ስምንተኛው ሠላሳ አንድ። ጣቶቼን ጨብጬ በጉልጥምታቸው ቆጠርኩ። ጁን፣ ጁላይ፣ ኦገስት።

ፊት ለፊቴ መደርደሪያው ላይ የኬሚካል ጠርሙሶች ነበሩ። ፋብሪካው የጻፈባቸው የማለቂያ ጊዜ 2026 ይላል፤ ከሥሩ በእኔ እጅ ጽሑፍ 2018 ይላል። በየዓመቱ እያንዳንዱን ጠርሙስ እያገላበጥኩ የፈረንጁን ወደ እኛ የምመልሰው እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩ 2017 ሲለኝ ግን ካላንደሬን አይቼ «ትክክል» አልኩ።

ለማሽኖቹ ዘመኑ የፈረንጆቹ 2017 ነው። የገጾቹ ማረጋገጫ የተሰጠው ዘንድሮ ነው፤ እነሱ ዘንድ ግን ዘንድሮ ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል። ጋሽ ንዋይ እያንዳንዱን ማሽን በጥንቃቄ፣ በአንድ ቀን ሳይሳሳቱ፣ ስምንት ዓመት ወደኋላ ወስደውታል። አዳማ የተከፈተው ደግሞ የሊዲ ኮምፒውተር ቀን በፈረንጅ ስለሆነ ነው። የእኛዎቹ ራሳቸውን በኢንተርኔት እንዳያርሙ የከለከላቸው ሊዲ ያጠፋችው ቁጥር አስራ ሰባት ነው።

ሊዲ ጋ ደወልኩ። ስልኩን ከጆሮዬ እስካርቅ ድረስ ሳቀች።

«ቲቸር፣ የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ከሊኑክሱ ውስጥ ሆነው ቀኑን ይቀይሩት። ጋሽ ንዋይ ማወቅ የለባቸውም።»

«ሰኔ 1 ቀን ይከፍቷቸዋል። አስራ አራቱንም ያስተካክላሉ።»

«ኦ።»

«ሪፖርቱ ላይ ያለው ፊርማም የእሳቸው ነው። 'ቀን አይዙም' የሚለውን እሳቸው ካላነሱት አቶ ባጫ አያነሱትም።»

«እና ምን ሊሏቸው ነው? ሠላሳ ዓመት ቀን ሲጽፉ የኖሩ ሰውዬ…»

ማታ ቤቴ አስቤበት፣ ምንም ከማለት ማሳየት እንደሚሻል ወሰንኩ።

*

ሐሙስ ጠዋት መጋዘን ሄድኩ። «ጋሽ ንዋይ፣ አንድ ሙከራ አለኝ፤ ምስክር እፈልጋለሁ።»

«ይምጣ። ከመመስከር ሌላ ምን ሥራ አለኝ።»

ሦስት ቁጥርንና አራት ቁጥርን ጎን ለጎን አስቀምጬ ነበር። በሁለቱም ላይ ፍላሾቹን ሰካሁ፤ በሁለቱም ላይ ገጹን ሞከርኩ፤ ሁለቱም «ገና» አሉ። ጋሽ ንዋይ ሁለቱን እያዩ መሰከሩ። ከዚያ ሦስት ቁጥርን አጥፍቼ አበራሁትና ሰማያዊውን ገጽ አወጣሁ።

«እዚህ ላይ እርስዎ ይጻፉልኝ። ወር 05፣ ቀን 15፣ ዓመት 2025። ሰዓቱን ደግሞ ሦስት ሰዓት ከሚል ዘጠኝ ያድርጉት።»

እጃቸውን ከቁልፎቹ ላይ አነሱ። «ሁለት ሺህ ሃያ አምስት? ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል!»

«ለእኛ ነው የሚቀረን። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ነው። ሰባተኛው ወራቸው ሠላሳ አንድ ቀን አለው፤ ስምንተኛውም። መጋቢት 31 ያሉት ለዚያ ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ረጅም ጊዜ ሲጠርጉት ቆዩ።

«እና ያበላሸኋቸው እኔ ነኝ ማለትሽ ነው።»

«እኔም ካላንደሩን አይቼ ትክክል ነው ብያለሁ። ይኸው።» ደብተሬን ገልጬ የሰኞውን መስመር አሳየኋቸው።

«ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ስይዝ በቀን ተሳስቼ አላውቅም።»

«አሁንም አልተሳሳቱም። ሌላ ሰው ቢሆን መጋቢት 31 ሲያይ አስተካክሎ ዝም ይል ነበር። እርስዎ ያዩትን እንዳዩት ጻፉት። እኔ ምክንያቱን ያገኘሁት ከእርስዎ መዝገብ ነው፤ ከራሴ ደብተር አይደለም።»

መነጽራቸውን አደረጉና በአንድ ጣት፣ እያንዳንዱን ቁጥር ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ጻፉ። ሰማያዊው ገጽ ጠፋ። ሊኑክስ ተነሳ። ስልኬን አገናኘሁ፤ አድራሻውን ጻፍኩ።

ተከፈተ። የመጀመሪያው ጥያቄ ከነአራት ምርጫው ስክሪኑን ሞላው። አጠገቡ ያለው አራት ቁጥር አሁንም «ገና» ይላል።

ጋሽ ንዋይ ወደ ሦስት አዩ፤ ወደ አራት አዩ፤ ተመልሰው ወደ ሦስት አዩ። «አራትንም ላድርገው?»

«ለማነጻጸሪያ ይቆይልኝ።»

«ምን ማነጻጸሪያ! በቃ አየነው አይደል እንዴ?» ወንበራቸውን ወደ አራት ጎተቱ። ከዚያ ወደ አምስት ሄዱ። አስራ አራቱንም እስኪጨርሱ ማንንም አላስነኩም። ሲጨርሱ መዝገባቸውን አምጥተው ሁለተኛውን ምክንያት በማስመሪያ በአንድ መስመር ሰረዙት፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ እንደሚነበብ አረጋግጠው ቀን ጻፉና ፈረሙ። እኔም በደብተሬ የሰኞውን መስመር እንደዚያው አድርጌ ሰረዝኩ።

«እናንተም እንዲህ ነው የምትሰርዙት?» አሉ።

«ላብራቶሪ ውስጥ ማጥፋት ክልክል ነው።»

«ጎበዝ» አሉ። ከጋሽ ንዋይ አፍ ይህ ቃል ለሰው ሲወጣ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ የአዳማ ሚኒባስ ሹፌር አንድ ፖስታ አደረሰኝ። ሊዲ ሞልታ አንብባ ያጣራቻቸውና ሲስተሙን የገለበጠችባቸው አስራ ሁለት ፍላሾች ናቸው። አንድ ቁራጭ ወረቀት አብሯቸው ነበር፦ «ለንጹሕ ጽሑፍ ስለሰጡኝ ሁለት ማርክ። ቁጥር አስራ ሰባትን ከአሁን ወዲህ ደንበኛውን ሳልጠይቅ አላጠፋም።»

*

አርብ ግንቦት 8 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ አቶ ባጫ ባለፈው ሳምንት በቆሙባት ቦታ ቆሙ። መጋዘኑ ተጠርጓል፤ አስራ አራቱ ኮምፒውተሮች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። አርባ ሁለቱ ተማሪዎች በር ላይ ይገፋፋሉ። አያንቱ ሦስት ቁጥር ፊት ተቀምጣለች። ማውሱን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች፤ እንዳይበርባት የምትፈራ ትመስላለች።

«በአንድ እጅ» አልኳት።

«ቲቸር፣ ሁሉም እያየኝ ነው!»

«እነሱም ይደርሳቸዋል። ክፈቺው።»

ገጹ ተከፈተ። አቶ ባጫ ጎንበስ ብለው ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አነበቡ፤ ኢንተርኔት መሆኑን ለማረጋገጥ የስልኬን ገመድ ነቀሉ፤ ገጹ ቆመ። ሰኩት፤ ተመለሰ። ሰውየው የፊዚክስ መምህር ነበሩ፤ እንዲህ በማድረጋቸው ደስ አለኝ።

አያንቱ የመጀመሪያውን ጥያቄ መለሰች። ሰዓት ይዤ ነበር፤ ሁለት ደቂቃ ከአስር ሰከንድ። ሁለተኛው አንድ ደቂቃ ከሃምሳ። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ሃምሳ ሰከንድ። ከበር አንድ ልጅ «አያንቱ፣ ለእኛም አስተርፊ!» ብሎ ጮኸ፤ እሷ ግን አልሰማችውም።

«አሁን ስምሽንና የዛሬውን ውጤት ጽፈሽ አስቀምጪ» አልኳት። ቀስ እያለች በአንድ ጣት ጻፈች። «አጥፊው። ፍላሹን ንቀይ። ሄደሽ አስራ አንድ ቁጥር ላይ ሰኪው።»

አስራ አንድ ቁጥር ከዚያ በፊት እሷ ነክታው የማታውቀው ማሽን ነው። ተነሳ። ያስቀመጠችውን ከፈተች፤ ስሟም ውጤቷም እንዳለ ነበር።

«እዚህም አለሁ!» አለች። ክፍሉ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ።

አቶ ባጫ የማስወገጃውን ደብዳቤ ከፋይላቸው አውጥተው በሁለት እጃቸው ሊቀድዱት ሲይዙት ጋሽ ንዋይ ነጠቋቸው። «ይተዉ! መዝገብ አይቀደድም!» አሉ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ ማስመሪያ አምጥተው፣ በአንድ መስመር ሰረዙት። ሦስታችንም ከሥሩ ፈረምን።

በማግስቱ ቅዳሜ ቆራሌው ከነመኪናው መጣ። አስራ አራት ተማሪዎች ውስጥ ነበሩ፤ ሃያ ስምንቱ ተራቸውን በረንዳ ላይ ይጠብቃሉ። ጋሽ ንዋይ በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። በራቸው ላይ በሰቀሉት ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እንዲህ ጽፈዋል፦ «ለእኛ፦ ግንቦት 9 ቀን 2017። ለማሽኖቹ፦ 05/17/2025።» እስከ ፈተናው ዋዜማ ድረስ በየጠዋቱ ሁለቱንም ሳያሳልፉ ጽፈዋል።

«አባቴ፣ የሚነሡት ኮምፒውተሮች የታሉ?» አላቸው ቆራሌው።

ጋሽ ንዋይ በጣታቸው ከኋላቸው አሳዩት። «ተነሥተዋል» አሉት። «ሥራ ላይ ናቸው። የተሰበረ ወንበር ካማረህ ግን ና፣ ሰባት አለኝ።»